ሦስቱ ሥራ ፈቶች

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ አሥር ሰዓት ላይ፣ ከቦዲቲ ወደ ሶዶ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት መምህርትና አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ሲያወሩ ሰማሁ።

«ውጤቱ ዓርብ ካልደረሰ ተማሪዎቹን ምዝገባ ያልፋቸው ነበር፣ ጋሼ። ውጤቱን የምናጠናቅርበት ኮምፒውተር ደግሞ ይንፏቀቃል።»

«አርጅቶ ይሆናል።»

«እኛም እንደዚያ ብለን ልንጥለው ነበር። አዲስ የመጣች ቴክኒሽያን ግን ከፍታ አየችው። ፕሮሰሰሩ፣ ማለት አንጎሉ፣ አራት ኮር አለው፤ ኮምፒውተሩን የሚመራው ፕሮግራም፣ ሊኑክስ የሚባለው፣ የሚያሠራው አንዱን ብቻ ነው።»

«ኮር ምንድን ነው?»

«ሠራተኛ በሉት። አንዱ ይቆፍራል፣ ሦስቱ ቆመው ያያሉ።»

«እንዲህ ዓይነት ደቦ እኛም ሰፈር አለ።»

«የቀድሞው ባለሙያ ሥራ ነው። የትምህርት ቤቱን ጄኔሬተር እንዳይከብደው ብሎ፣ ሊኑክሱ ሲነሳ አንዱን ብቻ እንዲጠቀም አዞት ሄዷል።»

«ለነዳጅ አዝኖ።»

«እሷ ያቺን አንድ የትእዛዝ መስመር አጥፍታ እንደገና አስነሳችው። አራቱም ገቡበት። ቀኑን ሙሉ የሚፈጀው ሥራ ከምሳ በፊት አለቀ።»

«ጎበዝ ናት። ተናጋሪም ትሆናለች።»

«ኧረ ድምፅዋ እንኳ አይሰማም። ያየችውን ግን ተናገረች።»

በማግስቱ ጠዋት፣ በእኛ ቢሮ ኮምፒውተር ላይ አይቼ ሁለት ወር ሳልናገር የቆየሁትን ነገር ይዤ የአለቃዬን በር አንኳኳሁ።