ከሽሮ ሜዳ ሲጠሩኝ

ብምልላችሁም አታምኑኝም፣ ግን ሚካኤልን እውነት ነው። ለልጄ ሠርግ የምለብሰው ጋቢ ልገዛ ከአገር ቤት ሽሮ ሜዳ መጣሁ። ባዶ እጄን ብመለስ ሚስቴ ከአህያዋ ጋር ነው የምታሳድረኝ። አንዲት ነጋዴ፣ ለሠርግ እንደሆነ ስነግራት፣ ባሏ የሸመነውን ጋቢ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ፣ «አባባ፣ ሙሽራው እርስዎ ነዎት እንዴ?» አለችኝ። ዋጋውን ግን ሰማይ ሰቀለችው።

«በግማሹ ስጪኝ» አልኳት።

«ኧረ አባባ፣ የክሩን ዋጋ እንኳ አይመልስልኝም።»

እኛ አገር ገበያ ሻጩ አልቀንስም ካለ ጥላችሁት ትሄዳላችሁ፤ ከኋላ ይጠራችኋል። እኔም «በቃ ይቅርብኝ» ብዬ ሄድኩ። ማንም አልጠራኝም። ጋቢው ቀረብኝ ብዬ ልቤ እስከ እንጦጦ የሚሰማ ከበሮ ሆነ። ጥቂት እንደሄድኩ «አባባ፣ ይመለሱ» የሚል ድምፅ መጣ። እሰይ፣ ልትቀንስልኝ ነው፣ ትንሽ ብታገሥ ደግሞ ይብስ ትቀንሳለች ብዬ እርምጃዬን አፈጠንኩ። ጩኸቱ በረታ። ዞር ስል ሸማኔው፣ ጎረቤት ነጋዴው፣ ምን አለፋችሁ፣ ግማሽ ጉለሌ እየሮጠ ይከተለኛል። ምን አጠፋሁ ብዬ በላብ ተጠመቅሁ። ሴትዮዋ እያለከለከች ደርሳ ክንዴን ያዘችኝ።

«መሄዱንስ ይሂዱ አባባ፤ ጋቢያችንን ግን አውልቀው ይሂዱ።»