አቶ ላቀው አንዴ የከፈሉ ጊዜ

ደብረ ብርሃን፣ እሁድ ረፋድ፤ በእድሩ ዕቃ ቤት፣ በተጠቀለሉ ድንኳኖችና በተደራረቡ ወንበሮች መካከል፣ የእድሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ውብሸት እና የእድር አባላትን የሚመዘግብና ቀብር በስልክ የሚጠራ ፕሮግራም ሠርታ የምትሸጠው ትርሲት በክፍያው ላይ ይከራከራሉ።

ጋሽ ውብሸት፦ ድንኳኑን የሸጠልን ሰው በየወሩ እየመጣ «የድንኳኔን ክፈሉ» አላለንም። ገዛነው፣ ተከልነው፣ አለቀ።

ትርሲት፦ ድንኳኑ ሲቀደድ እሱን ጠርታችሁ ታሰፉታላችሁ?

ጋሽ ውብሸት፦ ከተማው ሰፊ አጥቷል እንዴ?

ትርሲት፦ እኔን ግን ትጠሩኛላችሁ። በነጻ ስትሞክሩት በቆያችሁበት ጊዜ እንኳ አንድ አባል ስልክ በቀየረ ቁጥር ተጠርቻለሁ። ጸሐፊያችሁ የይለፍ ቃሉን ሲረሳ የሚደውለው ለኔ ነው።

ጋሽ ውብሸት፦ እሱ የሚስቱንም ስም ይረሳል፤ ከቁም ነገር አትቁጠሪው። ዕቃሽንማ ወደነዋል። ድሮ ለፋፊያችን ጥሩምባውን እየነፋ ሰፈሩን ሲያዳርስ፣ ግማሹ ሰው በሩን ዘግቶ «አልሰማሁም» ይል ነበር። አሁን ስልኩ ላይ ይደርሰዋል፤ ምን ይበል? ስለዚህ ዋጋውን ጥሪልን። የዕድሜ ልኩን።

ትርሲት፦ የማንን ዕድሜ?

ጋሽ ውብሸት፦ የእድሩን ነዋ!

ትርሲት፦ እድር ይሞታል?

ጋሽ ውብሸት፦ የሚሞቱት አባላቱ ናቸው እንጂ እሱማ ምን ሆኖ ይሞታል።

ትርሲት፦ እንግዲያው ለማይሞት ገዢ የዕድሜ ልክ ዋጋ ስንት ብዬ ልጥራ?

ጋሽ ውብሸት፦ ኧረ ተይ! ዓምና መናኸሪያው አጥር ላይ ያስለጠፍሽው ወረቀት ምን ይል ነበር? «አንዴ ይክፈሉ፣ ዕድሜ ልክ ይገልገሉ!» ፎቶሽም አለበት። እየሳቅሽ ነው።

ትርሲት፦ ያኔ የሚያስቅ ነገር ነበረኝ።

ጋሽ ውብሸት፦ ከወንዙ ማዶ ያለው እድር ገዝቷል። የነኮማንደር እድርም ገዝቷል። እኛ ምን በደልንሽ?

ትርሲት፦ አልበደላችሁኝም፤ ዘግይታችሁ መጣችሁ። ያ ዋጋ ቀርቷል።

ጋሽ ውብሸት፦ ለምን ቀረ? ገንዘቡ መረረሽ?

ትርሲት፦ ገንዘቡማ ጣፋጭ ነበር። ያን ሰሞን ቢሮው ሠርግ ቤት ነበር የሚመስለው። ኮምፒውተር ገዛን፣ ሁለት ልጆች ቀጠርን፣ ግድግዳውን አረንጓዴ ቀባን። ከዚያ ገዢው አለቀ። ፕሮግራሙ የሚቀመጥበት የውጭ አገር ኮምፒውተር ኪራይ ግን በየወሩ ይመጣል፤ ያውም በዶላር። መልእክት በተላከ ቁጥር ደግሞ ከኪሳችን እንከፍላለን። ከወንዙ ማዶ ያሉት ባለፈው ምን ላኩ መሰለዎት? ለአባላቱ ሁሉ «መልካም እሁድ»።

ጋሽ ውብሸት፦ ጨዋዎች ናቸው።

ትርሲት፦ በኔ ሂሳብ!

ጋሽ ውብሸት፦ እሺ፣ እኛ መልካም እሁድ አንልም። እኛ ሰው ሲሞት ብቻ ነው የምንልክ። ይኼ ቅናሽ የለውም?

ትርሲት፦ ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎ። የከተማው እድሮች ሁሉ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ጋሽ ውብሸት ምን አለ?» እርስዎ በወር ከገቡ እነሱም ይገባሉ። ካልገቡ በዚህ ወር መጨረሻ እዘጋዋለሁ። ባንኩ የድሮ ሥራዬን ሊመልስልኝ ፈቅዷል።

ጋሽ ውብሸት፦ ትዘጊዋለሽ? ዕድሜ ልክ የገዙትስ?

ትርሲት፦ ዕድሜ ልካቸው ያን ቀን ያልቃል።

ጋሽ ውብሸት፦ ይኼማ ማታለል ነው!

ትርሲት፦ ማታለል አይደለም፤ ስሌት አለማወቅ ነው። አሁን እኔ ልጠይቅዎት። ወደ እድሩ ልግባና፣ በየወሩ ከማዋጣ አንዴ ከፍዬ ለዘላለም አባል ልሁን ብልዎስ?

ጋሽ ውብሸት፦ በስመ አብ! የላቀውን ነገር አታስታውሺኝ።

ትርሲት፦ ላቀው ማን ናቸው?

ጋሽ ውብሸት፦ እህል ነጋዴው ነዋ፤ ከወፍጮ ቤቱ ጎን ያለው። «እኔ ሥራ የሚበዛብኝ ሰው ነኝ፣ በየወሩ አታመላልሱኝ» ብሎ ዳጎስ ያለ ብር ይዞ ጉባኤ ላይ ቀረበ። ጉባኤው አጨበጨበ። አሁን የተደገፍሽው ወንበር በሱ ብር የተገዛ ነው። ጣሪያውንም አደስንበት።

ትርሲት፦ ከዚያስ?

ጋሽ ውብሸት፦ ከዚያማ ብሩ አለቀ፣ ላቀው ግን አላለቀ! አማቱ ሞቱ፣ ድንኳን ተከልን። አጎቱ ሞቱ፣ ተከልን። የሚስቱ እህት፣ ተከልን። ዘመዱ ብዙ ነው፤ ሁሉም በሽተኛ። እሱ ግን ሰው ቀብር ላይ ዝር አይልም። ቅጣት ክፈል ስንለው «እኔ ከፍዬ ጨርሻለሁ» ነው መልሱ።

ትርሲት፦ ታዲያ አላባረራችኋቸውም?

ጋሽ ውብሸት፦ ቃል ሰጥተን? እንዲህ ያለ ነውር እኛ ዘንድ የለም። ሁላችንም መዋጮ ላይ ትንሽ ትንሽ ጨመርንና ይኸው እስከ ዛሬ የሱን ዘመዶች እንቀብራለን።

ትርሲት፦ ሌላ ላቀው ቢመጣስ?

ጋሽ ውብሸት፦ ከደጅ ነው የምመልሰው! መተዳደሪያ ደንባችን ላይ አስገብተነዋል። አንዴ የከፈለ ሰው እድር ሳይሆን ዕቃ የገዛ ይመስለዋል። በየወሩ የሚመጣውን ግን ታውቂዋለሽ። ከስቶ እንደሆነ ታያለሽ፣ ከቀረ ምን ነክቶት ነው ብለሽ ትጠይቂያለሽ። እሱም ይጠይቅሻል። እድር ማለት እኮ መመላለሱ ነው!

ትርሲት፦ ይኼን ንግግር እንዳለ ወረቀቴ ላይ ባሳትመው ይፈቅዱልኛል?

ጋሽ ውብሸት፦ ቆይ፣ ቆይ። አንቺ ልጅ፣ ሆን ብለሽ ነው ያናገርሽኝ።

ትርሲት፦ እኔ ዘንድ ስንት ላቀው እንዳለ ቢያውቁ ያዝኑልኛል።

ጋሽ ውብሸት፦ አዘንኩልሽ። ግን አንድ ነገር በሐቅ መልሺልኝ። በየወሩ ክፈሉ ካልሽን ውስጥ የነዚያ ላቀዎች ድርሻ የለበትም?

ትርሲት፦ ... አለበት።

ጋሽ ውብሸት፦ ብዙ ነው?

ትርሲት፦ ትንሽ ትንሽ።

ጋሽ ውብሸት፦ እንዲህ ነው እንጂ! ታዲያ እኛ ምን ቆርጦን የሌላ ሰው ዕዳ እንሸከማለን? ከሁለት አንዱን መሆን ካልቀረ፣ ላቀውን እንሁን።

ትርሲት፦ ሁሉም ላቀው ከሆነ ድንኳኑን ማን ይተክለዋል?

ጋሽ ውብሸት፦ ይኼን እኮ ጉባኤው ላይ የተናገርኩት እኔ ነኝ።

ትርሲት፦ ጉባኤው ምን አለ?

ጋሽ ውብሸት፦ አጨበጨበ። ጉባኤ ለሁሉም ያጨበጭባል።

ትርሲት፦ እኔም አጨበጭባለሁ። ግን አልሸጥም፤ አንድ ላቀው ልጨምር አልችልም። በወር ከሆነ ይኸው ውሉ፤ ካልሆነ ቦርሳዬን ይዤ ልሂድ።

ጋሽ ውብሸት፦ ቁጭ በይ። አኩራፊ ነጋዴ አልወድም። በወር ይሁን እንበል። በእድር ደንብ ግን ትተዳደሪያለሽ። ቀብር ባለ ቀን ፕሮግራሙ ከተበላሸ ትቀጫለሽ።

ትርሲት፦ እቀጣለሁ።

ጋሽ ውብሸት፦ ስልክሽ ከተዘጋ ትቀጫለሽ።

ትርሲት፦ ቀብር ባለ ቀን ከሆነ ይሁን።

ጋሽ ውብሸት፦ የቀብሩን ቀን አስቀድሞ የሚነግርሽ ማን ነው? ሁልጊዜ ክፍት ይሁን።

ትርሲት፦ እሺ፣ ሁልጊዜ።

ጋሽ ውብሸት፦ «መልካም እሁድ» ከተላከብን ደግሞ ላኪውን እኛው እንቀጣለን። ውሉን ወዲህ በይው። መነጽሬ ... አገኘሁት። እስክሪብቶ አለሽ?

ትርሲት፦ ይኸው። እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ! ሌሎቹም ይህን ሲሰሙ ...

ጋሽ ውብሸት፦ ከመፈረሜ በፊት አንዲት ነገር አለች። እኛ ዘንድ ከእድሩ ካዝና በየወሩ የሚበላ ሰው ሁሉ አባል መሆን አለበት። ዘበኛው አባል ነው፤ ለፋፊውም አባል ነው። አንቺም ቤት የተከራየሽው እዚሁ ሰፈር ነው አሉ።

ትርሲት፦ እኔ? ደስ ይለኛል እንጂ! ምን ይጠበቅብኛል?

ጋሽ ውብሸት፦ ቀላል ነው። ወር በገባ በመጀመሪያው እሁድ ጠዋት መዋጮሽን ይዘሽ ትመጫለሽ።

ትርሲት፦ በስልክ ብልከውስ?

ጋሽ ውብሸት፦ በአካል። ፊትሽን እንይ። ሰው ሲሞት ደግሞ ቀብር ትገኛለሽ። ድንኳን ተከላ የወጣቱ ተራ ነው፤ አንቺም ወጣት ነሽ።

ትርሲት፦ የሥራ ቀን ከሆነስ?

ጋሽ ውብሸት፦ ሁላችንም ሥራ አለን።

ትርሲት፦ አይ፣ እኔ እኮ እሁድም የምውለው ደንበኞች ጋ ነው፤ በሳምንቱም አንዴ ሸዋ ሮቢት፣ አንዴ ደብረ ሲና ነኝ። በየወሩ መምጣቱ እንዴት ይሆንልኛል? ከምታመላልሱኝ ጋሼ፣ የኔን ብቻ አስሉልኝና አንዴ ከፍዬ ብገላገልስ?

ጋሽ ውብሸት፦ እንቺ እስክሪብቶሽን።