ሲሞቃት የምትጠፋዋ ቮልስ

አባቴ ነፍሱን ይማረውና ማረሻ ሲያበጅ «ሳታማትብ ብረት አትንካ» ይለኝ ነበር፣ ደጋግሞ ነው የሚለኝ፣ እኔም እስከ ዛሬ ሳላማትብ ካቻቢቴ አንስቼ አላውቅም። ታዲያ በእኛ ጊዜ፣ ልጆች፣ መኪና በጆሮ ነበር የሚታከም። እንደ አሁኑ ኮምፒውተር ሰክተው «በሽታዋ ይኸ ነው» የሚሉት የለም። ጠጋ ትላለህ፣ ታዳምጣለህ፣ እና ራሷ ትነግርሃለች። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ቢሆንም የሞተር ድምፅ ይገባኛል እል ነበር። እል ነበር ነው የምላችሁ፣ ስሙኝ።

ያቺን ሰማያዊ ቮልስ ታውቋታላችሁ። እዚሁ ፍኖተ ሰላም አንድ ግቢ ውስጥ ዶሮ ሲያድርባት አገኘኋትና ሦስት ዓመት ሙሉ ዝገቷን ፍቄ፣ ሞተሯን አውርጄ ሰቅዬ፣ ቀለም ቀብቼ አስነሳኋት። እና ልጄ የሺ ለቡሬ ልጅ ታጨች። የሙሽራው ወገን «ከባሕር ዳር ነጭ መኪና እናመጣለን» አሉ። እሷ ምን ብትል ጥሩ ነው? «እኔ ከአባቴ ቤት የምወጣው በአባቴ መኪና ነው!» በሽማግሌዎቹ ፊት እኮ ነው! ደስ አለኝ፣ ዋሽቼ ምን አደርጋለሁ፣ በጣም ደስ አለኝ። ፍርሃቱም ያኔውኑ ገባብኝ።

ለምን ብትሉ፣ ቮልሷ አመል ነበራት። ጠዋት ስትነሣ ሚኒሞዋ፣ ማለት ቤንዚን ሳትረግጡላት ቆማ ስትሠራ ማለቴ ነው፣ ጸጥ ያለ ነው። ትንሽ ሄዳ ሞተሯ ከሞቀ ግን እግሬን ሳነሣ ትርገበገብና ድርግም። እሳት የምትረጨውን ካንዴላ ለወጥኩ፣ ያው ናት። የሚኒሞዋን ብሎን አጠበቅኩ፣ ትጮሃለች እንጂ አትረጋም። ቤንዚኑን ከአየር የሚያደባልቀውን ካርቡራቶሯን ደግሞ ገና ሳድሳት በእጄ ፈትቼ ያጠብኩት ነው፣ እሱን እንዴት ልጠርጥር!

የሚስቴ ወንድም አለነ ቆሞ ይስቃል። «አያ ዘውዱ፣ ይቺ እንደ በሬ ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው እንዴ የምትሠራ? እንግዲያ ሠርጉን ጎህ ሲቀድ አድርጉት!»

«ዝም በል አንተ!»

«ዝምስ እላለሁ፣ ግን ሙሽራ ይዛ መንገድ ላይ ብትቆም ሰው ልጅቷን ገደ ቢስ እያለ ነው የሚያወራባት። ዕድሜ ልኳን ነው የሚያወራባት።»

እውነቱን ነው፣ እሱ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ኪዳን አድርሼ ስመለስ ሁሉ ስለዚች መኪና ነበር የምለምን። ስለ ኃጢአቴ መለመን ትቼ ስለ መኪና! «እግዜር ትዕቢቴን አይቶ ይሆናል» እላለሁ። ልጄን «ነጩን አምጡ በያቸው» ልላት እነሣለሁ፣ ፊቷን አይና ተመልሼ ወደ ቮልሷ እሄዳለሁ።

ታዲያ ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ አለነን አጠገቤ አስቀምጬ «እስቲ ቡሬ ደርሰን እንመለስ» ብዬ ወጣሁ። መሃል መንገድ ላይ ማንኩሳ ከተማ ስንደርስ የገበያ ቀን ነው፣ በጉ፣ አህያው፣ ሰዉ አስፋልቱን ሞልቶታል። እግሬን አነሣሁ። ድርግም። ከኋላዬ በቆሎ ጭኖ ወደ ሽንዲ ከተማ የሚሄድ መኪና ክላክሱን ያንባርቀዋል። ሾፌሩ፣ አንድ ጎልማሳ፣ አንገቱን አወጣና «ኧረ አባት! ወይ ያስነሷት ወይ ይግፏት፣ እኛም ቤት አለን!» አለ። በኋላ ሽበቴን አየ መሰል አፍሮ ወረደ።

«ምን ሆና ነው?»

«ስትሞቅ ትጠፋለች።»

«ስትሞቅ ብቻ? እስቲ ያስነሷትና ቤንዚኑን ረገጥ አድርገው ይያዙልኝ።»

የኋላ ክዳኗን ከፈተ፣ ቮልስ ሞተሯ ከኋላ አይደል። እኔ መሪው ላይ ነኝ፣ አለነ ወዲያ ወዲህ እየሮጠ የሚያየውን ይነግረኛል፣ ሰውየው የዘይቱን መለኪያ መዞ ካርቡራቶሩ ከሥር በተቀመጠበት ዙሪያ ጠብ ጠብ አደረገ። እና የምትንተባተበው ሞተር በአንድ ጊዜ ረጋች! ወዲያው ደግሞ ዘይቱን ጠጥታ ጨረሰችና መንተባተቧን ቀጠለች።

«አየር እየሳበች ነው፣ አባቴ። እዚህ ሥር ክፍት አለ» ብሎ ሞተሩን አስጠፋኝ። ወርጄ ወደ ኋላ ስመጣ፣ ማሰሪያውን ሁለት ዳዶ ፈትቶ ካርቡራቶሩን አነሣው። በጣቱ ጠረግ አደረገ፣ አሸተተ፣ ዞሮ አየኝ። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ሰም ነው» አልኩ።

«ሰም?»

ሳድሳት፣ አየር እንዳይገባ ከሥሩ የምትነጠፈው ወረቀት ተቀዳዳብኝ። ታዲያ እኛ አገር የጠጅ ጋን ሲሰነጠቅ በምን እንደፍናለን? በሰም አይደለም? እኔም ከቤተ ክርስቲያን የተረፈች ጧፍ ነበረችኝ፣ የተባረከች ናት ብዬ አቅልጬ ደፈንኩበት። ጠዋት ሲበርድ ሰሙ ይጠነክራል፣ ሲሞቅ ይቀልጣል። በሽታዋ እኔ ነኝ ማለት ነው! ለሰውየው ሁሉንም ነገርኩት፣ የልጄን ሠርግ፣ ጸሎቴን፣ እግዜር ትዕቢቴን አይቶ ነው ያልኩትን፣ አንድም አላስቀረሁ። አለነ ሆዱን ይዞ አስፋልቱ ዳር ቁጭ ብሏል፣ ከሳቁ ብዛት መቆም አቅቶት።

ሰውየው ግን አልሳቀም። ከሱቅ የጫማ ካርቶን ለመነ፣ በምላጭ ልክ አድርጎ ቆረጠ፣ ዘይት አስነክቶ አስገባት፣ ዳዶውን አሰረ። አስነሣሁ። ቡሬ ደርሰን ተመለስን፣ አንድ ጊዜ አልጠፋችም። እሁድ ዕለት ልጄን ከነቬሏ ይዤ ስሄድ ማንኩሳ ላይ ከብት ሲሻገር ቆምን፣ ቆመን ቆየን፣ ቮልሷም ድምፅዋን ሳትቀይር ጠበቀችን። የሺ ከኋላ «አባዬ፣ ለምን ታለቅሳለህ?» አለችኝ። «አቧራ ነው» አልኳት።

ያ ሾፌር ግን ያን ዕለት ስሙን እንኳ ሳልጠይቀው ሄደ። መኪናው ላይ ከወጣ በኋላ ነው፣ ሞተሩን አስነሥቶ፣ በመስኮት ጎንበስ ብሎ ፈገግ አለና እንዲህ አለኝ፤ «አባቴ፣ ለአንዲት ካርቶን ብለው እግዜርን ስንት ቀን ደጅ ጠኑት?»