በእጅ ይደገም

የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ፤ ታክሲ ላይ ስለ ዕድር ሲወራ ጆሮዬን እንጂ አፌን አልከፍትም። ከጎጆ ከተማ ወደ አምቦ ስንወርድ ከፊቴ የተቀመጡ፣ የማላውቃቸው አንዲት ጠና ያለች ሴትና ወጣት ጎረቤቷ ያወሩ ነበር።

“አዴ፣ የዕድሩ ምርጫ እንዴት ሆነ?” አለች ወጣቷ።

“የሰፈራችን የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ጸሐፊ ሆነች።”

“ሰብሳቢው ዝም አለ?”

“ምን ዝም ይላል። ቆጥሮ ሲያበቃ የድምፅ ወረቀቶቹን ኪሱ ከተተ። ‘የቡዳ ዘር መዝገባችንን አይነካም፤ በእጅ ይደገም’ አለ።”

“እንድትተፋፈሩ ነዋ።”

“ተፋፈርን። እጅ የሚያነሳ ጠፋ።”

“እርስዎም?”

“እኔም። ልቅሶ ቤት ለእናቷ በተለየ ጣሳ ውሃ ስሰጥ የኖርኩ ሰው ነኝ እኮ።”

ይህን ስትል ዞር ብላ ብታየኝ በወደድኩ።

“ታዲያ እንዴት አለፈች?”

“የሰብሳቢው ሚስት ተነሳች። ‘የእኔም ወረቀት ኪስህ ውስጥ ነው፤ የጻፍኩት የእሷን ስም ነው’ አለችው።”

“በሰው ፊት?”

“በሰው ፊት። ሳቁን ተይው። ከዚያ ሁሉም እጁን አወጣ፤ እኔም አወጣሁ።”

“ሰውየው ቤቱ እንዴት ገባ?”

“ሚስቱን ጠይቂያት። መዝገቡን ግን እዚያው አስረከበ።”

“ልጅቷስ ምን አለች?”

“ቁጭ ብላ ቃለ ጉባኤውን ጀመረች። ‘ኪስ የገባውንም ልጻፈው?’ ብላ ጠየቀችን።”

“ምን አላችኋት?”

“ይጻፍ አልን።”

ብርዱ እያለ እኔም እጄን አንስቼ መስኮቱን ከፈትኩት፤ ዝጊው ያለኝ ሰው አልነበረም።