በኮት ሳሃይ የአንባቢዎች ክፍል በር ስለ መቀርቀሩ የተሰጠ ቃል

ኮት ሳሃይ ፖሊስ ጣቢያ፣ ፑንጃብ
የመዝገብ ቁጥር፦ 31/2019
የቃል ሰጪ ስም፦ ናሲብ ኮር፣ የሟች ሳርዋን ሲንግ ሚስት
ዕድሜ፦ 74
ሥራ፦ ጡረታ የወጣች አስተማሪ
አድራሻ፦ ኮት ሳሃይ መንደር፣ ከጉርድዋራው በስተ ምሥራቅ ሦስተኛው ቤት
ቀን፦ ሰኞ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2019፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት

ስሜና አድራሻዬ ከላይ እንደተጻፈው ነው። ይህን ቃል የምሰጠው ማንም ሳያስገድደኝ፣ መጥሪያም ሳይደርሰኝ፣ በራሴ እግር ወደ ጣቢያው መጥቼ ነው። ማልኪያት ሲንግ በእኔ ላይ ያመለከተው እውነት ነው። ቅዳሜ ፌብሩዋሪ 9 ቀን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ40 ላይ፣ በመንደራችን ቤተ ጸሎት በጉርድዋራው ጓሮ የሚገኘውን የአንባቢዎች ማረፊያ በር ከውጭ የቀረቀርኩት እኔ ነኝ። በቀኝ እጄ ቀረቀርኩት። የረዳኝ ሰው የለም፤ አስቀድሞ ያወቀም የለም።

ማልኪያት ሲንግ ዕድሜው 58 ሲሆን የጉርድዋራው ዋና አንባቢ ነው። ታላቅ ወንድሙ የኮሚቴው ሊቀ መንበር ነው። ማልኪያት ለአባቱ ሙት ዓመት ከዓርብ ጠዋት እስከ እሑድ ጠዋት የሚቆይ ያልተቋረጠ ንባብ አስደርጎ ነበር። በዚህ ሥርዓት ቅዱስ መጽሐፉ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው፣ ቀንና ሌሊት፣ ድምፅ ሳይቋረጥ ይነበባል። አንባቢዎቹ በየሁለት ሰዓቱ ይፈራረቃሉ። ተረኛው መጥቶ ከአንባቢው ጎን ይቀመጣል፣ ያንኑ መስመር ይዞ አብሮት ያነባል፤ የመጀመሪያው ሰው የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ተረኛው ካልመጣ አንባቢው መነሳት አይችልም። ከመጽሐፉ ቃል በቀር አንዲትም ቃል ከአፉ ማውጣት አይፈቀድለትም። ንባቡ ቢቋረጥ ሁሉም እንደገና ይጀመራል፣ ያቋረጠውም ሰው ስሙ ይጠፋል። ቃሌን የሚቀበሉት ምክትል ኢንስፔክተር ይህን ያውቁታል፤ ነገር ግን መዝገቡን በኋላ የሚያነብ ዳኛ ላያውቀው ስለሚችል እንዲጻፍልኝ ጠይቄአለሁ።

ቅዳሜ ማልኪያት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ንባቡን ተረከበ። በ2 ሰዓት የሚተካው ጉርሜል ሲንግ ነበር። ጉርሜልና ሌሎች ሦስት አንባቢዎች በማረፊያው ክፍል ተኝተው ነበር። ክፍሉ የራሱ መታጠቢያና መጸዳጃ አለው። በሩን ከመቀርቀሬ በፊት ሁለት እንስራ ውሃ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ አሥራ ስድስት ቂጣና አንድ ሳህን ምስር ወጥ አስገብቼላቸዋለሁ። ከእነርሱ ጋር ጠብ የለኝም። ሞባይል ስልኮቻቸው በጽሕፈት ቤቱ ቁም ሣጥን ተቆልፎባቸው ነበር፤ ከሁለት ዓመት በፊት ንባብ እስኪያልቅ ስልክ እንዳይያዝ ብሎ ያዘዘው ማልኪያት ራሱ ነው። ድምፅ ማጉያው የተሰቀለው በማረፊያው ጣሪያ ላይ በመሆኑ፣ ሰዎቹ በሩን ቢደበድቡም ከማልኪያት ድምፅ በላይ ሊሰሙ አልቻሉም።

በሩን ከቀረቀርኩ በኋላ እጄን ታጥቤ ወደ አዳራሹ ገባሁ፤ ከመጽሐፉ ኋላ ቆሜ ለክብሩ የሚወዘወዘውን ጭራ መወዝወዝ ጀመርኩ። ይህ ዘወትር ቅዳሜ የማደርገው አገልግሎት ስለሆነ ማንም አልተገረመም።

2 ሰዓት ሲሞላ ማልኪያት ቀና ብሎ ወደ በሩ አየ። 2 ሰዓት ከሩብ ሲሆን በግራ እጁ ወደ ጓሮው አመለከተኝ። ጭራውን መወዝወዜን ቀጠልኩ። ጭጋጉ ገና ስላልተነሳ አዳራሹ ውስጥ የነበሩት ሦስት አሮጊቶች ብቻ ነበሩ፤ ሁለቱ በደንብ አያዩም። 3 ሰዓት ላይ በእጁ ምንጣፉን ሦስት ጊዜ መታ። አንደኛዋ አሮጊት ምስጋና መስሏት እርሷም መታች።

ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ከማዕድ ቤት ፕሪታም ኮር ለአንባቢው ትኩስ ወተት ይዛ መጣች። ፕሪታም ጎረቤቴ ናት፤ በዕለቱ ለሦስት መቶ ሰው ቂጣ ከሚጋግሩት ሴቶች ጋር ነበረች። ጆሮዬ አጠገብ ቀርባ፣ «እትዬ፣ ይሄ ሰውዬ ዛሬ ምን ነካው? አራት ሰዓት ሙሉ? አባቱ በሕይወት ሳሉ እኮ ሁለት ደቂቃ አጠገባቸው አልተቀመጠም» አለችኝ።

«አሁን እየካሰ ነው» አልኳት።

«ማዕድ ቤት ሴቱ ሁሉ እሱን እያደነቀ ቂጣ ያሳርራል። ጉርሜልስ የት ሄዶ ነው?»

«ክፍሉ ውስጥ ነው።»

ያልኳት ይህን ብቻ ነው። ውሸት አልተናገርኩም። ማልኪያት ፕሪታምን በዓይኑ ለመያዝ ሞክሮ ነበር፤ እርሷ ግን ራሷን ዝቅ አድርጋ እጅ ነስታ ወጣች።

ይህን ለምን እንዳደረግሁ ተጠይቄ የሚከተለውን መልሻለሁ።

በ2008 ኖቬምበር 15 ቀን፣ እንዲሁ ቅዳሜ፣ በዚያው አዳራሽ ንባብ ነበር። በዚያ ጊዜ አንባቢዎቻችን ሦስት ብቻ ነበሩ። አንደኛው ሌሊቱን አንብቦ ወደ ራሱ መንደር ተመልሷል። ባለቤቴ ሳርዋን ሲንግ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተረከበ። በ1 ሰዓት ሊተካው የሚገባው ማልኪያት ነበር፤ አልመጣም። ባለቤቴ በዚያን ጊዜ 66 ዓመቱ ነበር። ውሃ ሳይቀምስ እስከ ቀኑ 7 ሰዓት፣ ስምንት ሰዓት ሙሉ አነበበ። እኔ በዚያ ቀን ከተማ ሆስፒታል የዓይን ሞራ ተገፍፎልኝ ሁለቱም ዓይኔ ታስሮ ተኝቼ ነበር። ብኖር ኖሮ እተካው ነበር፤ አባቴ መጽሐፉን በልጅነቴ በአርጩሜ አስተምሮኛል፣ አንድ ፊደልም አልስትም።

7 ሰዓት ላይ የባለቤቴ ድምፅ ተዘጋ። ማጉያው ዝም ሲል መንደሩ ሁሉ ሰማ። ማልኪያት በጓሮ በር ሮጦ ገባና ለተሰበሰበው ሰው፣ ልተካው ስመጣ እንቅልፍ ወስዶት አገኘሁት አለ። ባለቤቴ ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ ድምፅ አልነበረውም። ለሃያ ስድስት ቀን አልተናገረም። በእነዚያ ቀናት ኮሚቴው ፈረደበት። ቅጣቱ በመግቢያው ተቀምጦ የምእመናንን ጫማ አርባ ቀን እንዲያጸዳ ነበር። አርባ ቀን ጨረሰ። በአርባ አንደኛውም ቀን ሄዶ ተቀመጠ፤ የሚያስነብበው ሰው ስላልነበረ ሌላ የሚሄድበት አልነበረውም። ከሦስት ዓመት በላይ ጫማ ሲያጸዳ ቆይቶ በ2012 ጃንዋሪ ሞተ። ማልኪያት ባለቤቴ እንደተፈረደበት ወዲያው በእርሱ ቦታ ዋና አንባቢ ሆኖ ነበር። በየዕለቱ ሲገባ ጫማውን አውልቆ ለባለቤቴ እየሰጠ፣ «ጋሼ ሳርዋን፣ እንዳይተኙበት ብቻ» ይለው ነበር። ይህን በጆሮዬ ከአንድ ጊዜ በላይ ሰምቻለሁ።

ማልኪያት በዚያ ጠዋት የነበረው በስድስት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ባለው በባግሪያን መንደር የካባዲ ትግል ሜዳ ነው። ድምፁ መልካም ስለሆነ ግጥሚያውን በማይክሮፎን የሚያስተላልፈው እርሱ ነበር። ባለቤቴ ድምፁን እየጨረሰ በነበረባቸው ሰዓታት ማልኪያት በሌላ ማጉያ የተጫዋች ስም ይጠራ ነበር። በሜዳው የነበሩ ሦስት ሰዎች ነግረውኛል። ሊፈርሙልኝ ግን ፈሩ፤ ሊቀ መንበሩ ወንድሙ ነውና።

እኔም በ2008 ዲሴምበር ወር ሦስት ጊዜ ወደዚህ ጣቢያ መጥቻለሁ። የዚያን ጊዜው ተረኛ፣ ዛሬ እዚህ የሌለ፣ «እማማ፣ ይሄ የጸሎት ቤት ነገር ነው። ሰው አልተገደለ፣ በር አልተሰበረ፤ ምን ብዬ መዝገብ ልክፈት?» አለኝ። አባባሉን አልረሳሁትም።

ወደ ቅዳሜው ልመለስ። ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ የማልኪያት ድምፅ መሻከር ጀመረ። ያን ጊዜ ማይክሮፎኑ በማይሰማው መጠን ከኋላው ጎንበስ ብዬ፣ «በሩን የቀረቀርኩት እኔ ነኝ። ሳርዋን ስምንት ሰዓት ነው ያነበበው። ማልኪያት፣ እንዳትተኛ ብቻ» አልኩት። አንገቱ ሲቀላ አየሁ። ሊመልስልኝ አይችልም ነበር። ቢመልስልኝ ንባቡን ማቋረጡን መንደሩ በማጉያ ይሰማል። እየነደደው ማንበቡን ቀጠለ። ላቡ በጥምጥሙ ሥር ወርዶ በጢሙ ላይ ሲንጠባጠብ በእኔ እጅ ያለው ጭራ አንድም ጊዜ አልቆመም። በጉዳዩ ተጸጽቼ እንደሆነ ለተጠየቅሁት፣ በዚያ ሰዓት ደስ ብሎኝ እንደነበር እንዲጻፍልኝ እፈልጋለሁ።

ቀኑ 6 ሰዓት ከ20 ሲሆን ድምፁ ተዘጋ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ የሚወጣ ነገር የለም። የሳርዋንን ያህል አልቆየም፤ በዕድሜም ስምንት ዓመት ያንስ ነበር። በማዕድ ቤት የቂጣ መዳመጫው ኳኳታ ሲቆም ሰማሁ። ይህን ዝምታ አሥር ዓመት ከሦስት ወር ጠብቄዋለሁ። ሐሳቤ ስሙ እንዲጠፋ ንባቡን እንደተቋረጠ መተው ነበር። ሆኖም መጽሐፉ የበደለኝ ነገር የለም፤ የሞቱት አባቱም አልበደሉኝም። ጭራውን ለአሮጊቷ ሰጠሁ፣ ከጎኑ ተቀመጥኩ፣ ጣቱ ካረፈበት መስመር ይዤ አነበብኩ። ዝምታው ከአንድ ትንፋሽ ስላልበለጠ ንባቡ እንደተቋረጠ አልተቆጠረም። ለማልኪያት አዝኜ ነው ተብሎ እንዳይጻፍ።

ፕሪታም ዱቄት በእጇ እንዳለ ሮጣ ገባች። «ምን ሆናችሁ? ጉርሜል የት ነው?» አለች። እኔ ከመጽሐፉ ቃል በቀር መናገር አልችልም። ማልኪያትም ድምፅ የለውም። በጣቱ ወደ ጓሮ ደጋግሞ ሲያሳያት፣ «ውሃ? መጸዳጃ? ኧረ ሰውዬ እንደ ሰው ተናገር» አለችው። መናገር አለመቻል ምን እንደሆነ በዚያን ጊዜ በፊቱ ላይ አየሁ። በመጨረሻ ተከትላው ሄዳ በሩን የከፈተችው 6 ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

ጉርሜል መጥቶ ከጎኔ ተቀመጠ፤ እኔ ግን መስመሩን አላስረከብኩትም። እስከ 8 ሰዓት አነበብኩ። ማልኪያት የጀመረው በ12 ሰዓት ስለሆነ ስምንቱ ሰዓት በዚህ ሞላ። ስወጣ ጉርሜልንና ሦስቱን ባልደረቦቹን በሰው ሁሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ጉርሜል በኋላ፣ «እትዬ፣ ምስሩ ጨው አንሶት ነበር እንጂ እንቅልፉስ ጥሩ ነበር» ብሎኛል። ኮሚቴው በዚያው ዕለት አርባ ቀን ጫማ እንዳጸዳ ፈርዶብኛል። ትናንት ጀምሬአለሁ። ቦታው የሳርዋን ቦታ ነው።

ማልኪያት አቤቱታውን ቅዳሜ ማታ በጽሑፍ አቅርቧል፤ እስከ ዛሬ ድምፁ አልተመለሰም። ዛሬ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ወንድሙ፣ ሊቀ መንበሩ፣ በጉርድዋራው መግቢያ ከተቀመጥኩበት መጥቶ፣ «እትዬ ናሲብ፣ ማልኪያት አቤቱታውን ሊያነሳ ነው። ነገሩ እዚሁ ይቅር። በዚህ ዕድሜዎ ፖሊስ ጣቢያ ለእርስዎ አይሆንም» አለኝ። ሊያነሳ የፈለገበት ምክንያት ገባኝ፤ በር መቀርቀሬ ከተጠየቀ ለምን እንደቀረቀርኩም ይጠየቃል። «ጫማዬን አቀብለኝ» አልኩት። ጎንበስ ብሎ አቀበለኝ። አድርጌው ወደዚህ መጣሁ።

በሜዳው የነበሩትን የሦስቱን ሰዎች ስም በተለየ ወረቀት ጽፌ አያይዣለሁ። ለእኔ አልፈረሙም፤ በመጥሪያ ሲጠሩ ግን ሊመጡ ግድ ነው። ኖቬምበር 15 ቀን 2008 ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ማልኪያት ሲንግ የት እንደነበረ ይጠየቁ። እርሱም ይጠየቅ፤ ድምፅ ከሌለው በጽሑፍ ይመልስ። ለባለቤቴ ወረቀት ያቀረበለት አልነበረም።

በር ቀርቅሬ አራት ሰዎችን መዝጋቴ ወንጀል መሆኑን አውቃለሁ። ክሱን አምናለሁ፣ ቅጣቱንም እቀበላለሁ። አቤቱታ አቅራቢው ቢተወውም እኔ ተከሳሿ መዝገቡ እንዳይዘጋ እጠይቃለሁ።

ቃሌ ተነቦልኝ በሦስት ቦታ አሳርሜአለሁ። ከዚህ በላይ የሰፈረው ሁሉ ያየሁት፣ የሰማሁትና በእጄ የሠራሁት ነው፤ ከሌላ ሰው የሰማሁትንም ከሌላ የሰማሁ መሆኑን ገልጫለሁ። አሻራ እንዳደርግ ቢቀርብልኝም መጻፍ ስለምችል ሙሉ ስሜን ጽፌ ፈርሜአለሁ።

የቃል ሰጪ ፊርማ፦ ናሲብ ኮር፣ አንባቢ የነበረው የሳርዋን ሲንግ ሚስት

ቃሉን የተቀበለው፦ ምክትል ኢንስፔክተር ባልራጅ ግሬዋል (ፊርማ)
ከቀኑ 6 ሰዓት ከ20። መዝገቡ ክፍት ነው።