ሰሊጥ የምታክለው ጥንዚዛና አረንጓዴው ሹራብ

የምስክር መጠሪያ፦ በሥራ ባልደረቦቿ ዘንድ «ሬዲዮ» የምትባል
ዕድሜ፦ 47
ሥራ፦ የመጽሔት አምደኛ
አድራሻ፦ ከነፍሳት ጥናት ክፍሉ ፊት ለፊት፣ ሁለተኛ ፎቅ
ቃል የተሰጠበት፦ ማክሰኞ ከቀኑ 10 ሰዓት

አስቀድሜ የማፍርበትን ልናገር፤ ይህን ቃል የምሰጠው ቆሜ ነው። መርማሪው ወንበር ሲያቀርቡልኝ እምቢ ያልኩት በንቀት ሳይሆን መደገፊያው ሹራቤን እንዳይነካው መሆኑ ይመዝገብልኝ። መስኮቱም እንዳይከፈት ጠይቄአለሁ።

ዛሬ ጠዋት ወደ ነፍሳት ጥናት ክፍሉ የሄድኩት፣ የወንድሜ ሚስት የክፍሉ ፎቶ አንሺ በመሆኗ ስለ ሥራዋ ልጽፍ ነው። ከሱቅ አጭርና ረጅም ሌንስ ለሙከራ አምጥታ የትኛው እንደሚገዛ ልትወስን ነበር። ከፊቷ፣ ካርቶን ጫፍ ላይ የተጣበቀች ሰሊጥ የምታክል ደረቅ ጥንዚዛ ነበረች፤ ከዓይነቷ እስካሁን የተገኘችው እሷ ብቻ ናት።

«ሁለቱም አጥርተው ያነሳሉ» አለችኝ፤ «አጭሩ ግን እላይዋ ላይ ካልተደፋሁ አይሆንለትም፤ ብርሃኑንም እኔው እጋርደዋለሁ። በረጅሙ ራቅ ብዬ አነሳለሁ።»

«አንቺ ደግሞ! ቅርብ ለማንሳት መቅረብ ነው እንጂ! አፍንጫ ለምን ተፈጠረ?»

«እትዬ፣ ኧረ አፍንጫዎን ያርቁልኝ!»

አላራቅኩም። በአጭሩ ሌንስ ስታነሳ እኔም በትከሻዋ በኩል ለማየት አጎነበስኩ።

ሌንሱን ልትቀይር ዞር ስትል ጽዳት ሠራተኛዋ ገብታ ወለሉን ጠረገች። ወዲያው የክፍሉ ኃላፊ መጡ፤ ካርቶኗ ባዶ ናት። «ጠርገሽ ጣልሻት ወይስ ሸጥሻት?» ብለው ጮኹባት። «ጌታዬ፣ የሞተ ተባይ ማን ይገዛኛል?» አለች። ማንም አልሳቀም። ወደዚህ ፖሊስ ጣቢያ ተይዛ መጣች፤ አሁንም ከዚህ በር ወዲያ ተቀምጣለች።

እኔ ግን መቀመጥ መቆም አቃተኝ። ፎቶዎቹ ኮምፒውተር ላይ እንዲጎሉልኝ ለመንኩ። በካሜራዋ ትንሽ ስክሪን ያልታየን ነገር እዚያ ፍንትው ብሎ ወጣ፦ በመጨረሻው ፎቶ ላይ የጥንዚዛዋ እግር በአረንጓዴ ገመድ ተጠልፎ፣ እሷም ከካርቶኗ ብድግ ብላለች። ገመድ ያልኩት የሹራብ ክር ነው፤ እዚያ ክፍል አረንጓዴ ሹራብ የለበስኩት እኔ ብቻ ነኝ። ፎቶው የተነሳው ደግሞ ጽዳት ሠራተኛዋ ሳትገባ ነው።

የወንድሜ ሚስት ረጅሙን ሌንስ ይዛ እየመጣች ነው፤ ሹራቤን እላዬ ላይ እንዳለ፣ ራቅ ብላ ክር በክር ታነሳዋለች። እስከዚያ አላስነጥስም።

የተጻፈው ተነቦልኝ ሰምቻለሁ፤ አንድም የጨመርኩት፣ አንድም የደበቅኩት የለም። የፈረምኩት ክንዴን ሳላንቀሳቅስ በጣቶቼ ብቻ ስለሆነ ፊርማዬ ቢንጋደድ አይፈረድብኝ። ጥንዚዛዋ ከየትኛው ክር ላይ እንደተገኘች ራሴ መጥቼ አስመዘግባለሁ። ጽዳት ሠራተኛዋ ግን እስከዚያ ምን አድርጋ ትጠብቃለች?

የምስክር ፊርማ፦ (ከመስመሩ የወጣ)
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ (ፊርማ) ጽዳት ሠራተኛዋ ተለቃለች። መስኮቱ አልተከፈተም።