ጋሼ አብዱረሂምና አሮጌዎቹ የሲ ትእዛዞች

ጋሼ አብዱረሂም፣ መጀመሪያ ቢሯችን የመጡ ቀን ወንበር ስንሰጥዎት ገልብጠው አዩት። "ምን ፈልገው ነው?" ስንልዎት፣ "ማን ፈቶት እንደነበር" አሉን።

ሳቁ እናንተ፣ ሳቁ! ስድስት ዓመት እንዲህ ነው የኖርነው። መብራት ሲጠፋ ዝም ይላሉ፤ ሲመጣ "ለምን መጣ?" ይላሉ። የሥራ ባልደረባችን ሀሩን ሻይ ሲጋብዝዎት "ምን ልታዘኝ ነው?" ይሉታል።

እኔ ፌቨን ግን ዛሬ፣ በጡረታ መሸኛዎ ላይ፣ የራሴን ጥርጣሬ ልናገር።

እንግዶቻችን፣ እኛ የምንጽፈው የመስኖ ውሃ ለገበሬው በተራ የሚያድል ፕሮግራም ነው። በሲ ቋንቋ ስለተጻፈ በአዲስም በአሮጌም ማሽን ይሠራል። ውስጡ ግን ዘመን ያለፈባቸው ትእዛዞች ነበሩ። "ስትርኮፒ" የሚባለው ስም ሲገለብጥ ቦታው ይብቃ አይብቃ አይለካም። የአንድ ገበሬ ረጅም ስም ከቦታው አልፎ የጎረቤቱን ተራ አጠፋበት። "እነዚህ ይውጡ" ተባለ፤ ሥራው ለእኔ ተሰጠኝ።

በሳምንት ውስጥ አውጥቼ በአዲስ ተካኋቸው። ጋሼ ግን፣ የውሃ ፓምፖቹን ወደሚያንቀሳቅሱት ማሽኖች እንዳይላክ ከለከሉኝ።

"አጣዬ ያለው ማሽን አዲሱን ትእዛዝ ያውቀዋል?"

"እንዴት አያውቀውም?"

"ጠይቀሽዋል?"

ከዚያ በየማለዳው ላፕቶፕዎን ይዘው፣ ለማንም ሳይናገሩ ይጠፉ ጀመር። የት ነው የሚሄዱት? ፕሮግራሙን ለሌላ ሊሰጡ ይሆን? እያልኩ ተብሰለሰልኩ። በመጨረሻም ለሥራ አስኪያጁ "ጋሼ ሥራ ያደናቅፋሉ፤ አካሄዳቸውም አያምርም" ብዬ ደብዳቤ ጻፍኩ። አዎ፣ እኔ ነኝ።

በአምስተኛው ቀን አቧራ ለብሰው መጡ። ከቀወት እስከ አጣዬ እያንዳንዱን ማሽን ሲፈትኑ ነበር የከረሙት። የአጣዬው አሮጌ ማሽን አዲሱን ትእዛዝ ጨርሶ አያውቀውም። ልኬው ቢሆን ኖሮ ፓምፑ አይነሳም፣ የዚያ ሁሉ ሰው ሽንኩርት በዚህ ሐሩር አሮ ይቀር ነበር። እርስዎ እየለካ የሚገለብጥ አጭር ኮድ በእጅዎ ጽፈው፣ ከፕሮግራማችን ጋር አያይዘው፣ ሁሉም ማሽን ላይ ሞክረው፣ "በይ አሁን አሮጌውን አጥፊ" አሉኝ።

አላስችል ብሎኝ ስለ ደብዳቤው ስናዘዝልዎት፣ "አንብቤዋለሁ" አሉኝ። "መጠርጠርሽ ደግ ነው። ግን መጀመሪያ እኔን አትጠይቂም?"

ጋሼ፣ ያን ቀን ያፈርኩትን ያህል አፍሬ አላውቅም። ዛሬ በሁሉ ፊት ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ ስላስተማሩኝም አመሰግናለሁ።

በሉ የማንጎ ጭማቂያችሁን አንሱ! አላህ ጤናና ዕድሜ ይስጥዎት፤ የጓሮዎ ፓፓያ ያፍራልዎት፤ ከነገ ጀምሮ ደጅዎን የሚያንኳኳው ሁሉ ናፍቆት ያመጣው ሰው ይሁን። ለጋሼ አብዱረሂም!